«ቀልድ ነበር» ሲሏችሁ

ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚልኩ ወላጆች በደብረ ማርቆስ የቀረበ ንግግር

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ሻንጣችሁን በማሰናዳት ላይ ያላችሁ ልጆቻችንም፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ለጠበቃ ሃያ ደቂቃ ሰጥቶ አንድ ሰዓት የማይጠብቅ ሰው የዋህ ነው። እነርሱ ግን የዋህ አይደሉምና በሩ አጠገብ ሰዓት የሚይዝ ወጣት አቁመውብኛል። ስለዚህ ወደ ነገሬ ልግባ።

ባለፈው ሰኔ አንድ አባት ቢሮዬ መጡ። ከደጋው፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ነው የመጡት። ዝናብ መትቷቸው ጋቢያቸው ከብዷል። በብብታቸው ግን በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ የሐኪም ወረቀት ይዘዋል፤ እርሱ ጠብታ አልነካውም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆነው ልጃቸው አብሯቸው ነው። ልጁን አንድ ነገር በጠየቅሁት ቁጥር አንገቱን ወደ ግራ እየጠመዘዘ ጉንጩን ያሳየኛል። አባትየው «ዓይነ አፋር ነው፤ ሰው ፊት ለፊት አያይም» ብለው ይቅርታ ጠየቁለት። ዓይነ አፋርነት አልነበረም። ቀኝ ጆሮውን እያቀረበልኝ ነው። በግራው አይሰማም።

የሆነው በጥቅምት ነው። ዩኒቨርሲቲ በገባ በሁለተኛው ሳምንት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ነባር ተማሪዎች የመኝታ ክፍሉን በር ከፍተው ገቡ። መብራት አጠፉ። አዲስ ገቢዎቹን ከተደራራቢው አልጋ አውርደው አሰለፏቸው፤ አዘፈኗቸው፤ በለስላሳ ቆርኪ ላይ አንበረከኳቸው። ይህ ልጅ ሳቅ ሲባል አልሳቅም አለ። በጨለማ አንድ ጥፊ አረፈበት። የማን እጅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አያውቅም። ጠዋት ትራሱ ላይ እርጥብ ነገር አገኘ፤ ውኃ መሰለው። ለግቢው ጥበቃ ተናገረ፤ ጥበቃው ለመኝታ ሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ለፕሮክተሩ፣ ነገረ፤ ፕሮክተሩ ልጆቹን ሰብስቦ አስጨበጣቸው። «ቀልድ ነበር፤ እኛም ስንገባ ተደርጎብናል» ተባለ። በዚሁ ተዘጋ።

አባትየውን አንድ ጥያቄ ጠየቅኋቸው፤ «ከዚህ በፊት ፍርድ ቤት ሄደው ያውቃሉ?»

«እንዴታ! ከጎረቤቴ ጋር በድንበር ስድስት ዓመት ተሟግቼ ሰበር ደርሻለሁ።»

«ስንት ቢሆን ነው ድንበሩ?»

«ሁለት ክንድ።»

«ለልጁ ጆሮስ?»

ዝም አሉ። ቆይተው «የልጆች ጨዋታ ነው አሉኝ» አሉ።

አልስቅባቸውም፤ እናንተም አትሳቁ፤ እያንዳንዳችን እርሳቸው ነን። የጎጃም ሰው በርስቱ ቀልድ አያውቅም፤ በሕግ አምላክ ሲባል የሚቆም፣ ሙግት እንደ ቅኔ የሚጣፍጠው ሰው ነው። ልጁ ሌላ ክልል ተመድቦ ሲጎዳ ግን ጉዳዩ ሙግት አይመስለውም። ልጅ ነው፣ ይለፍ ይላል። ዛሬ የመጣሁት፣ ለሁለቱ ክንድ መሬት የቆማችሁትን ያህል ለልጃችሁ እንድትቆሙ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በጊዜ እንድትቆሙ ለመለመን ነው።

ነባር ተማሪ አዲስ ገቢን የሚያንገላታበት ይህ ነገር በእኛ ቋንቋ የታወቀ ስም የለውም። አሜሪካኖች «ሄዚንግ» ይሉታል፤ ሕንዶች «ራጊንግ»። እኛ ጋ የሚያደርጉት ልጆች «አቀባበል» ወይም «ማላመድ» ይሉታል፤ ሲያዙ ደግሞ «ቀልድ»። ይህ የእነ ዋሸራ፣ የእነ ዲማ፣ የእነ ደብረ ኤልያስ የቅኔ ቤቶች አገር ነው። የቅኔ ተማሪ ከሩቅ ሲመጣ ነባሩ የሚያሳየው በየትኛው ደጅ ቁራሽ እንደሚገኝ፣ በየትኛው ደጅ ውሻ እንዳለ ነው። እርግጥ እዚያም ኩርኩም አልጠፋም፤ የቆሎ ትምህርት ቤትን ገነት አድርጌ ላወራ አልፈልግም። ግን አዲስ መጤን በሌሊት አንበርክኮ መሳቅን ከአባቶቻችን ወረስነው የሚል ካለ፣ ይዋሻል።

ሌሎቹ እንዴት እንዳደረጉት ባጭሩ ልንገራችሁ። አሜሪካ ውስጥ በፔንሲልቬኒያ ግዛት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በተማሪዎች ማኅበር ቤት በተደረገ «አቀባበል» መጠጥ በላይ በላዩ ተሰጥቶት ከደረጃ ወደቀ። እርዳታ የተጠራለት ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው፤ ሞተ። ወላጆቹ ቤታቸው ገብተው አላለቀሱም፤ የምክር ቤት ደጅ ጠኑ። በዓመቱ፣ በ2018፣ በልጃቸው ስም የተጠራ ሕግ ወጣ። በ2024 መጨረሻ ላይ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች በግቢያቸው የደረሰውን እንዲህ ያለ ጥፋት ለሕዝብ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ጸደቀ። ሕንድም በዚያው አቆጣጠር በ2009 ባወጣችው ደንብ ተማሪውም ወላጁም «አልፈጽምም፣ ቅጣቱንም አውቃለሁ» ብለው በየዓመቱ በቃለ መሐላ ይፈርማሉ።

የእኛ የወንጀል ሕግ «አዲስ ገቢን ማንገላታት» የሚል አንቀጽ የለውም። ታዲያ ሕግ የለም ማለት ነው? አይደለም። ጥፊ ለነባር ተማሪ ሲሆን ጥፊነቱ አይቀርም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የእጅ እልፊት፣ ማለትም የአካል ጉዳት ያላደረሰ ምት፣ አለ፤ ቀላል የአካል ጉዳት አለ፤ ማስፈራራት አለ፤ ሰውን ያለ ፈቃዱ ዘግቶ መያዝ አለ። ጉዳቱ አንድን የአካል ክፍል ከሥራ ውጭ ካደረገ ደግሞ ነገሩ ወደ አንቀጽ 555 ሊሄድ ይችላል፤ ያ ከባድ የአካል ጉዳት ነው፤ ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። በሴቶች ልጆቻችን ላይ የሚቃጣው ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ለእርሱ ፕሮክተርም ሽማግሌም አይጠራም፤ ፖሊስና ሐኪም ነው የሚጠራው።

አሁን ብዕር ያላችሁ አውጡ። ቀላል የአካል ጉዳትና የእጅ እልፊት ተበዳዩ ካላመለከተ በስተቀር የማይከሰስባቸው ናቸው። ማመልከቻው ደግሞ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። 3 ወር! ለጥበቃ መንገር፣ ለፕሮክተር መንገር፣ ለተማሪዎች ዲን ደብዳቤ መጻፍ፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት መቅረብ፣ አንዱም ለፖሊስ ማመልከት አይደለም። ኮሚቴው አጥፊውን ሊያባርር ይችላል፤ የሕክምና ወጪ ግን አይከፍልም፤ ወንጀልም አይዳኝም። ብዙ ጊዜ ያየሁት እንዲህ ነው፦ ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ፈተና ይደርሳል፣ ይበተናል፣ 3 ወሩ ያልቃል። በክፋት ነው አልልም። አንዳንዴ ግን ስንፍናና ክፋት ውጤታቸው አንድ ነው። በሕንዱ ደንብ የተቋሙ ኃላፊ ወንጀል መሆኑን ካየ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ አለበት። ያ ለእኛም ቢመጣ ምኞቴ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ግን በእግራችሁ ሂዱ።

ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ ለሐኪም የሚጻፈውን ደብዳቤ ጠይቁ። ሐኪሙ የሚሰጠው ማስረጃ ነገሩን ሁሉ የሚሸከም ምሰሶ ነው። የእኔ ደንበኛ «ውኃ» ብሎ ያለፈው ከተቀደደ የጆሮ ታምቡር የወጣ ፈሳሽ ነበር፤ በዚያው ሳምንት ቢታይ ኖሮ ወረቀቱ ጥቅምትን ይናገር ነበር። የታየው ከፋሲካ በኋላ ነው፣ እናቱ ከጓዳ ደጋግማ ስትጠራው አልሰማ ሲላት። እንግዲህ ተከራካሪው «ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ሌላ ቦታ አልተመታም ወይ?» ይለኛል። ምን እመልሳለሁ? የተቀደደ ሸሚዝ እንዳታጥቡ። በስልክ የተላከ ስድብና ዛቻ እንዳታጠፉ። በዚያ ክፍል ያደሩትን ልጆች ሙሉ ስምና የመጡበትን ወረዳ ጻፉ፤ ክረምት ሲመጣ ምስክር እንደ ወፍ ይበተናል።

«ማን እንደመታኝ አላየሁም» የሚለው ልጅ ተስፋ አይቁረጥ፤ ከሕጋችን ውስጥ በጣም የምወደውን አንቀጽ የማነሳው ለእርሱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2142 እንዲህ ይላል፣ በእኔ አነጋገር፦ ጉዳቱን ካደረሱት ሰዎች መካከል የትኛው እንደሆነ ባይታወቅ፣ ነገር ግን አድራጊው ከመካከላቸው አንዱ መሆኑ እርግጥ ከሆነ፣ ዳኛው ርትዕ ሲያስገድደው ሁሉንም በአንድነት ካሣ ሊያስከፍላቸው ይችላል። መብራት ያጠፉት እንዳይታወቁ ነበር። ሕጉ ግን ከስልሳ ዓመት በፊት ጨለማውን አስቦበታል። የፍትሐ ብሔሩ ክስ ጊዜም ሰፋ ይላል፣ ጉዳቱ ከደረሰበት ጀምሮ 2 ዓመት ነው። በዚህ ምክንያት ነው ያንን አባት «ዘግይተዋል፣ ጉዳዩ ግን አልሞተም» ያልኋቸው።

ዩኒቨርሲቲውስ ይጠየቃል? በግቢው ስለተፈጸመ ብቻ አይጠየቅም፤ ይጠየቃል ብሎ የሚምልላችሁ ጠበቃ ካለ ገንዘባችሁን ጠብቁ። ሠራተኛው እያወቀ ዝም ካለ፣ ተጠርቶ ካልመጣ፣ የተነገረውን ከደበቀ ግን፣ በሥራው ላይ ያጠፋው ጥፋት ተቋሙን የሚያስጠይቅበት መንገድ በሕጉ አለ። ክሱ ግን ጉዳቱ የደረሰበት ቦታ ወይም ተከሳሹ የሚኖርበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት ነው የሚቀርበው። ልጃችሁ ጅማ ከተመደበ ቀጠሮው ብዙ ጊዜ ጅማ ነው ማለት ነው፤ የዘንድሮን መንገድ ደግሞ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር ብዙ ወላጅ ይዘነጋል። ልጃችሁ 18 ዓመት ከሞላው በሕግ ፊት ሙሉ ሰው ነው። ከሳሹ እርሱ ነው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። «አባቱ ነኝ» ብላችሁ ብትቆሙ ዳኛው በትሕትና ያስወጣችኋል። ከመሄዱ በፊት ውክልና ይስጣችሁ። ወረቀቱ ላይ መክሰስና መታረቅን እንደሚጨምር በግልጽ ይጻፍበት፤ ለክፉ ቀን ነውና።

ስለ ሽምግልና ልናገር፤ እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ ትቆጡኛላችሁ። የአጥፊው ወላጆች ሽማግሌ ይልካሉ። እንዲልኩም እፈልጋለሁ፤ እርቅ ከፍርድ የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። ሆኖም የእርቅ ውል ሲፈረም ክርክሩን ይዘጋል። ሐኪሙ «ጉዳቱ ይኼ ነው፣ ይድናል ወይም አይድንም» ብሎ ሳይጨርስ አትፈርሙ። በ5,000 ብር የታረቀ ሰው ቀዶ ሕክምናው ስንት እንደሆነ በኋላ ሲሰማ እኔ ጋ ይመጣል፤ እኔም የፈረመበትን የራሱን ጣት አሳየዋለሁ። ከባድ የአካል ጉዳት ደግሞ ቤተሰብ ስለታረቀ ብቻ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ክሱ የመንግሥት ነው።

ገንዘብ የለንም ለምትሉ፦ የወንጀሉን ክስ የሚመራው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ጠበቃ መቅጠር ግዴታ አይደለም። ካሣ ስትጠይቁ የዳኝነት፣ ማለትም የፍርድ ቤት ክፍያ፣ መክፈል ለማይችል ሰው የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በደሃ ደንብ መክሰስን ፈቅዷል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ተከሳሹ ራሱ ዩኒቨርሲቲው ከሆነ ግን ከዚያው ዩኒቨርሲቲ ጠበቃ መለመን የሚያስቸግር ነገር አለው፤ ያን ጊዜ ወደ ሌላው ሂዱ። ለሴት ልጆቻችሁ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ። የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ በነጻ ይቀበላሉ። እኛም ጠበቆች ያለ ክፍያ የመሥራት ግዴታ አለብን፤ ባልንጀሮቼ ስላልነገሯችሁ እኔ ልናገርባቸው።

አንድ የሚያሳፍረኝን ነገር ሳልደብቅ ልጨምር። ለሕክምና ያወጣችሁትንና ልጁ ወደፊት የሚያጣውን ገቢ ፍርድ ቤት ማስላት ይችላል። ለኅሊና ጉዳት ግን፣ ለዚያ ሌሊት ውርደት፣ ለእናት እንቅልፍ ማጣት፣ ሕጉ ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። በ1952 ዓ.ም. 1,000 ብር በሬዎች ይገዛ ነበር። ዛሬ የእናንተን የደርሶ መልስ ትራንስፖርት አይሸፍንም። ይህ ሕግ መሻሻል አለበት፤ እስከዚያው ግን ቢያንስ ደረሰኝ ያዙ፣ የባጃጁንም ቢሆን።

ልጆች፣ ለእናንተ አንድ ነገር ብቻ። በሚቀጥለው ዓመት ነባር እናንተ ናችሁ።

ሰዓት የሚይዘው ወጣት እያየኝ ነው። ያ አባት ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ታሪኩን የነገርኋችሁ በእርሳቸውና በልጃቸው ፈቃድ ነው። ክሱን አስገብተናል፤ ቀጠሮው ለኅዳር ነው። ከስብሰባው በኋላ ልጁን ማነጋገር የምትፈልጉ በቀኙ በኩል ቅረቡ።