ገና ያልበሰሉት

እሺ፣ ሰላም ናችሁ፣ ዛሬም ብቻዬን ነኝ። የእህቴ ልጅ በተወለደች በሁለተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዛትና በሌሊት ሆስፒታል ስንሮጥ ሐኪሟ "የጨቅላ በሽታ የመከላከል አቅም ገና ነው" አለችን፣ እኔም ገና ነው ማለት ገና አልተሠራም ማለት ነው ብዬ ይኸው ስድስት ዓመት እንደዛ ሳስብ ኖርኩ።

ሰሞኑን ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ኔቸር የሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አነበብኩ፣ አዲስ በተወለዱ አይጦች ላይ ነው የተሠራው። ትልቅ አይጥ የሚቋቋመው ባክቴሪያ እነሱን ይጥላቸዋል። እና የትልቅ አይጥ የመከላከያ ሴል ወስደው ሰጧቸው፣ ምንም! ደህናው ሴል ገብቶ እዛው ፈዘዘ። ማን ነው የያዘው ብለው ሲፈልጉ ጣፊያቸው ውስጥ ማንን ቢያገኙ ጥሩ ነው? ቀይ የደም ሴል፣ ያውም ገና ያልበሰለ።

እኔ እኮ ቀይ ሴል ኦክስጅን ተሸክሞ 120 ቀን ገደማ ዞሮ ይሞታል፣ አለቀ፣ ብዬ ነበር የማውቀው። ትልቅ ሰው ላይ ጥሬዎቹ በአብዛኛው መቅኔ ውስጥ ሆነው ነው የሚበስሉት፣ ጨቅላ ላይ ግን ውጪም በብዛት አሉ።

አሠራራቸው ነው የገረመኝ። አርጊኔዝ የሚባል ኢንዛይም አላቸው፣ እሱ ዙሪያቸው ያለውን አርጊኒን የሚባል አሚኖ አሲድ ይጨርሰዋል፣ የመከላከያ ሴሎቹ ደግሞ ያለ አርጊኒን መሥራት ይከብዳቸዋል። ድብድብ የለ ምን የለ፣ ማዕዱን ማንሳት ብቻ! አርጊኒን ሲጨመርላቸው ነቁ።

ለምን አትሉም? ልጅ ሲወለድ አንጀቱን ወዲያው ባክቴሪያ ይሰፍርበታል፣ አብዛኛው ደግሞ አብሮት የሚኖር ነው፣ በሁሉም ላይ ጦርነት ቢነሳ የሚጎዳው የራሱ አንጀት ነው። እነዚህን ሴሎች ሲቀንሱባቸው አይጦቹ ኢንፌክሽኑን በተሻለ ተቋቋሙት፣ አንጀታቸው ግን ተቆጣ።

ትልቅ ሰው ላይም የሚመጡበት ጊዜ አለ፣ ኮቪድ የጠናባቸው ሰዎች ደም ውስጥ በዝተው ታይተዋል፣ እዛ ጋ ግን ዝም ማሰኘታቸው ለማንም አይጠቅምም።

ለእህቴ ደውዬ ይሄን ሁሉ ስዘረግፍላት "ታዲያ ያኔ ያሳመማት የራሷ ደም ነው የምትለኝ?" አለች። አይ፣ ጥናቱ አይጥ ላይ ነው፣ ደሟ ምናልባት በሩን ገርበብ አድርጎት ይሆናል እንጂ ብዬ ላስረዳ ስል "ቀስ ብለህ አውራ፣ ተኝታለች" አለችኝ።