ለመላክ የሚሆነውና ለማስቀመጥ የሚሆነው ፎቶ አንድ አይደለም
(በጎንደር ለፎቶ ቤት ባለቤቶችና ለፎቶግራፍ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የሙያ አጋሮቼ፣ የፎቶ ቤት ባለቤቶች፣ ሙያውን በመማር ላይ ያላችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አደራችሁ።

ጥምቀት ደርሷል። ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ሠርግ በሠርግ ነው። የዓመቱ ሥራችን ብዙው የሚወድቀው በእነዚህ ሳምንታት ስለሆነ ዛሬ ስለ ሌንስና ስለ መብራት አላወራም፤ እሱን ከእኔ በላይ የምታውቁ እዚህ አላችሁ። የማወራው ፎቶው ከተነሳ በኋላ በምን ዓይነት ፋይል እንደሚቀመጥ ነው።

የእኔ ሥራ ማተም ነው። ፎቶ ወደ እኔ የሚደርሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ በፍላሽ፣ በሚሞሪ ካርድ፣ ብዙ ጊዜም በቴሌግራም። ደንበኛው ግድግዳ የሚሞላ ፍሬም ያዛል፤ የያዘው ፋይል ግን ከስልክ መስታወት አያልፍም። ሲታተም ፊቱ ይደበዝዛል፣ ሰማዩ ይሸነሸናል፣ ከዚያ ሙግት ይነሳል። አንሺው ማተሚያውን ይከሳል፣ ደንበኛው አንሺውን ይከሳል። ካሜራውም ማሽኑም ደኅና ናቸው፤ ፎቶው የጠፋው መሀል መንገድ ላይ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ለሰው የምንልከው ፋይልና ለራሳችን የምናስቀምጠው ፋይል የተለያዩ መሆን አለባቸው። አንዱን ፋይል ሁለቱንም ሥራ ስናሠራው ነው ነገር የሚበላሸው።

ካሜራና ስልክ ፎቶ ከሚያስቀምጡበት ከተለመደው የፋይል ዓይነት፣ ከጄፔግ ልጀምር፤ እንጀራችን በእሱ ላይ ነውና። መስፈርቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ከሥሩ ያለው ሒሳብ ግን ከዚያ ይቀድማል። ናሲር አሕመድ የተባለ፣ በአሜሪካ ካንሳስ ያስተምር የነበረ ሕንድ ተወላጅ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1972 ሐሳቡን አቅርቦ የምርምር ገንዘብ ቢጠይቅ ተከለከለ። ተስፋ ሳይቆርጥ ከባልደረቦቹ ጋር በ1974 አሳተመው። ዛሬ በዚህ አዳራሽ በየኪሱ ያለው ስልክ ጄፔግ በከፈተ ቁጥር በእሱ ሒሳብ ይሠራል። ገንዘብ ከልካይ ኮሚቴ በየአገሩ አለ ማለት ነው።

አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። ባለ 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ 6000 በ4000 ነጥብ ይመዘግባል። እያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ቀለም አለው፤ ሳይታሸግ ቢቀመጥ 72 ሜጋባይት ይሆናል። ጄፔግ ይህን ወደ አሥር ሜጋባይት አካባቢ ያወርደዋል፤ ያውም ዓይናችን ልዩነቱን ሳያውቅ። እንዴት? መጀመሪያ ብርሃኑን ከቀለሙ ይለያል። የሰው ዓይን የብርሃንን ልዩነት አጥርቶ ያያል፤ በቀለም ላይ ግን ሰነፍ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ እንዳለ ይቀርና፣ ቀለሙ ብዙ ጊዜ ለአራት ጎረቤት ነጥቦች አንድ ብቻ ሆኖ ይመዘገባል። ከዚያ ፎቶው 8 በ8 በሆኑ ትንንሽ ካሬዎች ይከፈላል፤ በየካሬው ውስጥ ዓይን የማይከታተለው ደቃቅ ዝርዝር ይጣላል። ለሰማይ፣ ለፊት፣ ለፋሲል ግንብ ድንጋይ ይህ ምንም አያመጣም።

ለጥለት ግን ያመጣል። የሙሽራዋን ቀሚስ አስቡት። ነጭ ሸማ ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ክር ጎን ለጎን ተሰልፏል። ሙሽራዋ ሙሉ ቁመቷን ስትነሳ አንዱ ክር በፎቶው ውስጥ ከአንድ ወይም ከሁለት ነጥብ አይበልጥም። ለአራት ነጥብ አንድ ቀለም ከተባለ ቀዩ ወደ ነጩ ይፈስሳል፣ አረንጓዴው ከቀዩ ጋር ተደባልቆ ቡናማ ይሆናል። ሸማኔው ክር በክር የለየውን ፋይሉ መልሶ ይቀላቅለዋል። በስልክ ላይ አይታይም። ትልቅ ሕትመት ላይ ግን የሙሽራዋ እናት የምታየው መጀመሪያ እሱን ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጂምፕን የመሳሰሉ ፕሮግራሞች ጄፔግ ሲያስቀምጡ 4፡4፡4 የሚል ምርጫ ያቀርባሉ፤ ቀለሙ ሳይቀነስ ይቀመጣል ማለት ነው። ለሠርግ ሥራ እሱን ምረጡ። ጥራቱንም ከ90 አታውርዱ። 100 ማድረግ ደግሞ ፋይሉን ያሳብጠዋል እንጂ ከመጉደል አያድነውም፤ ጄፔግ በ100ም ቢሆን ጥቂት ይጥላል።

ሁለተኛው ነገር፣ ደጋግሞ ማስቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ብዙ የተሳሳተ ወሬ ይነገራል። ፋይሉን ከፍቶ ማየት አይጎዳውም፤ ወደ ፍላሽ መገልበጥም አይጎዳውም። የሚጎዳው ከፍቶ፣ ነካክቶ፣ እንደገና በጄፔግ ማስቀመጥ ነው። ዛሬ ቀለሙን ያስተካክላሉ፣ ያስቀምጣሉ። ነገ ጠርዙን ይቆርጣሉ፣ ያስቀምጣሉ። ከነገ ወዲያ የፎቶ ቤቱን አርማ ይለጥፋሉ፣ ያስቀምጣሉ። በየጊዜው ከቀረው ላይ ይቀነሳል። የተጣለውም አይመለስም፤ የጎደለን ጄፔግ ምንም ሳይጥሉ ወደሚያስቀምጡት ወደ ቲፍ ወይም ወደ ፒኤንጂ ፎርማት ብትለውጡት ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ፎቶው አይድንም። ከስሙ ጫፍ ያሉትን ፊደላት ብቻ ቀይሮ «ፎርማቱን ለወጥኩት» የሚልም አጋጥሞኛል። እሱን ለራሱ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ፋሲል መዋኛ እንውረድ። ጥር 11 ቀን ረፋድ ላይ ፀሐዩ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ሕዝቡ ነጭ ለብሷል፣ ውኃው ብርሃን ይመልሳል፣ በአጥሩ ግንብ ላይ ሥራቸውን ከዘረጉት ዛፎች በታች ደግሞ ድቅድቅ ጥላ ነው። መሀል ላይ የካህናቱ ካባና በወርቅ ክር የተጠለፈ የከፋይ ጃንጥላ አለ። ለካሜራ ከዚህ የከፋ ፈተና አይገኝም። ለነጩ ስታስተካክሉ ጥላው ይጠቁራል፤ ለጥላው ስታስተካክሉ ነጠላው ይነዳል።

በጄፔግ ስታነሱ ካሜራው በእናንተ ፈንታ ይወስናል። የነጩን ሚዛን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚደረገውን የቀለም ማስተካከያ)፣ ድምቀቱን፣ ጥላውን ይቆርጥና የቀረውን መረጃ እዚያው ይጥለዋል። ለእያንዳንዱ ቀለም የሚተርፈው 256 ደረጃ ነው። ሮው በሚባለው ጥሬ ፋይል ስታነሱ ግን ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ያየው እንዳለ ይቀመጣል፤ በ14 ቢት የሚመዘግብ ካሜራ 16,384 ደረጃ አለው። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት፣ በጄፔጉ ላይ አንድ ወጥ ነጭ የነበረው ነጠላ እጥፋቱን ያወጣል፤ ከዛፉ ሥር የቆሙት ዲያቆናትም ፊት ይኖራቸዋል። በእርግጥ ሮው ሁሉን አያድንም። ሴንሰሩ ራሱ በብርሃን ከሞላ የሚመለስ ነገር የለም፤ ስለዚህ ለነጩ ተጠንቅቃችሁ ጨለም አድርጋችሁ አንሱ፣ ለጥላው በኋላ በኮምፒውተር ብርሃን ጨምሩለት። ሌሊት በማኅሌት ጊዜም እንዲሁ ነው፦ ጧፍና የኤሌክትሪክ መብራት ሲቀላቀል ካሜራው ቀለሙን ይስታል፣ በሮው ግን የነጩን ሚዛን ቆይቶም ማስተካከል ይቻላል።

ገበሬ ለዘር ያስቀመጠውን እህል አይፈጭም። ሮው ዘሩ ነው፤ ጄፔጉን በፈለጋችሁት መጠን፣ በፈለጋችሁት ጊዜ ከእሱ ታወጣላችሁ።

«ቦታ ይበላል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ባለ 24 ሜጋፒክሰል ሮው ከ25 እስከ 30 ሜጋባይት ይሆናል። በአንድ ሠርግ 2,000 ፎቶ ብታነሱ ከ50 እስከ 60 ጊጋባይት ሄደ ማለት ነው፤ አንድ ቴራባይት ዲስክ ሃያ ሠርግ እንኳ አይሞላለትም። ዲስክ ደግሞ በነፃ አይገኝም። ስለዚህ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ካሜራው ሮውን ሳያጎድል የሚያሽግበት ምርጫ ካለው እሱን እከፍታለሁ። ሥራው ለደንበኛው ከደረሰ በኋላ ዓይን የጨፈነውን፣ የተንቀጠቀጠውን፣ አሥር ጊዜ የተደገመውን ያለ ርኅራኄ አጠፋለሁ። አልበም ውስጥ የገባው ብቻ በሮው ይቀራል። ለጉርድ ፎቶ ደግሞ ሮው ማንሳት ጊዜ ማባከን ነው፤ በአንድ ዓይነት መብራት፣ በአንድ ዓይነት ጀርባ የሚነሳ ነገር በጄፔግ ይበቃል። የጉርድ ፎቶ ሮው ያጨናነቀው ኮምፒውተር አይቼ ስቄአለሁ።

አንድ ጥንቃቄ ብቻ። ሮው ከካሜራ ካሜራ ይለያል፤ የካኖን፣ የኒከንና የሶኒ ሮው የየራሳቸው ናቸው። አዲስ ካሜራ ገዝታችሁ የቆየው ፕሮግራም አልከፍትም ሊላችሁ ይችላል። የፎቶሾፕ ሠሪው አዶቤ እ.ኤ.አ. በ2004 ዲኤንጂ የሚባል፣ አሠራሩ ለሁሉም ክፍት የሆነ የሮው ዓይነት አውጥቷል። ለረጅም ዘመን የምታስቀምጡትን ወደ እሱ መለወጥ ትችላላችሁ።

የቆዩ ፎቶዎችን ጉዳይ ላንሳ፤ ልቤ ያለው እዚህ ነውና። ጠርዙ የተቀዳደደ ጥቁርና ነጭ ፎቶ በመሀረብ ጠቅልለው የሚያመጡ እናቶች አሉ። ባለቤታቸው በወታደር ልብስ፣ ወይም ወላጆቻቸው በሠርጋቸው ቀን። ያ ፎቶ ኔጋቲቭ የለውም፣ ሌላ ቅጂም የለውም። ፎቶ ቤቱ ስካን አድርጎ በትንሽ ጄፔግ ካስቀመጠው፣ ወረቀቱም በሚቀጥለው ክረምት እርጥበት ከበላው፣ ለልጅ ልጆች የሚተርፈው ያ ትንሽ ጄፔግ ብቻ ነው። ስለዚህ የቆየ ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ስካን ይደረግ፣ በቲፍ ይቀመጥ። ቲፍ እ.ኤ.አ. በ1986 ከስካነር ጋር አብሮ የተወለደ ፎርማት ነው፤ እስከ ዛሬ የማይከፍተው የፎቶ ፕሮግራም ብዙ አይደለም። አሥር በአሥራ አምስት ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶ በዚህ መጠን 25 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ለአንድ አባት ምስል ብዙ አይደለም። ሲቀመጥ ኤልዜድደብልዩ የሚለውን ማሸጊያ ብትመርጡ አንድም ነጥብ ሳይጎድል ፋይሉ ያንሳል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ስካን አድርጉ፤ ቢጫ የሆነው ቦታና የሻይ ጠብታው በኋላ የሚለየው በቀለሙ ነው።

ቅርስ የምታነሱም ይህንኑ አስቡ። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ለፖስትካርድ ማንሳት አንድ ነገር ነው። ቀለሙ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደደበዘዘ ለሚመረምር ሰው ማስቀመጥ ግን ሌላ ነው። መርማሪው የሚፈልገው ያንን ጥቃቅን የቀለም ልዩነት ነው፤ ጄፔግ ቀድሞ የሚጥለውም እሱኑ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ተፈቅዶላችሁ ስታነሱ ሮውና ቲፍ ይቀመጡ፤ ፍላሽ መብራቱም ይጥፋ።

የቀሩትን ቶሎ ቶሎ ልበል። ፒኤንጂ እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣ፣ ምንም ሳይጥል የሚያሽግና ጀርባው ግልጽ ሊሆን የሚችል ፎርማት ነው። ቦታው አርማ፣ ማኅተም፣ የጥሪ ካርድ፣ ጽሑፍ ያለበት ነገር ሁሉ ነው። ጄፔግ በፊደል ጠርዝ ዙሪያ አቧራ የሚመስል ነገር ይበትናል፤ ዘለላና እግር የበዛበት የእኛ ፊደል ደግሞ በትንሽ መጠን ሲጻፍ ይብስበታል። ሙሉ ሠርግ በፒኤንጂ ማስቀመጥ ግን ዲስክ መጨረስ ብቻ ነው። ጂፍ 256 ቀለም ብቻ ስላለው ለፎቶ አይታሰብ። ከኢንተርኔት የተወሰደ፣ ዌብፒ የሚባል የድረ ገጽ ፎርማት ይዞ ለትልቅ ፍሬም የሚመጣ ካለ፣ ስለ ፎርማቱ ሳይሆን መጀመሪያ ስለ ነጥቡ ብዛት ጠይቁት።

ለጥምቀት ከውጭ የሚመጡ ዘመዶቻችን አይፎን ይዘው ይመጣሉ። አይፎን እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ኤችኢአይሲ በሚባል ፎርማት ያነሳል፤ ከጄፔግ በግማሽ ያህል ያነሰ፣ ጥራቱም ደኅና የሆነ ነው። ግን የብዙ ፎቶ ቤት ኮምፒውተር አይከፍተውም፤ ደንበኛው ደግሞ ተበላሸ ብሎ ይደነግጣል። አልተበላሸም። ወደ ጄፔግ ለውጣችሁ አትሙ፣ ዋናውን አታጥፉበት። ወደፊት እንዳይቸገር ከፈለገ በስልኩ የካሜራ ማስተካከያ ውስጥ ፎርማት የሚለውን ከፍቶ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ይምረጥ።

ቴሌግራምን ሳላነሳ ብወርድ ቅር ይለኛል። ፎቶ እንደ ፎቶ ሲላክ ቴሌግራም መጠኑን ያሳንሰዋል፣ እንደገና ያሽገዋል፣ የተነሳበትን ቀንና የካሜራውን መረጃም ያስቀርበታል። እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይደርሳል። ደንበኛችሁ ሊያሳትም ከሆነ እንደ ፋይል ላኩለት፤ ለወዳጆቹ ሊያሳይ ከሆነ እንደ ፎቶ ይበቃዋል። ለሕትመት ሠላሳ በአርባ ሳንቲሜትር ፍሬም በ300 ዲፒአይ 3500 በ4700 ነጥብ ያህል ይፈልጋል፤ ከዚህ በጣም ያነሰ ፋይል ሲመጣላችሁ ከማተማችሁ በፊት ለደንበኛው ንገሩት።

እንግዲህ ለከተራ ስትወጡ ካሜራችሁን «ሮው እና ጄፔግ» በሚለው ላይ አድርጉት። ጄፔጉን ለቸኮለ ሰው ያንኑ ማታ ትልካላችሁ፤ ሮውን ወደ ሁለት ዲስክ ገልብጣችሁ አንዱን ፎቶ ቤት፣ አንዱን መኖሪያ ቤት አስቀምጡ። ካርዱን ከዚያ በፊት አታጥፉ።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ የአንድ ቀሚስ ጥለት ሁለት ሕትመት አለ። አንደኛው ከሮው ወጥቶ በአንድ ጊዜ የታተመ ነው፤ ሁለተኛው ደጋግሞ ከተቀመጠ ጄፔግ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ አልጻፍኩበትም። ማጉያ መነጽር አብሮ ተቀምጧል፤ አይታችሁ ስትመለሱ ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።