የሳወር እና የቤክማን ቤተሰቦች የእርሻ ግቢ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እናቶችና አባቶች፣

ነገ ወደ ስቶንዎል፣ ቴክሳስ ስንጓዝ አብዛኞቻችን ለማየት የጓጓነው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የነበሩት ሊንደን ጆንሰን የተወለዱበትን ቀዬ ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው እዚያው አካባቢ ስለሚገኝ የጀርመን ስደተኞች የእርሻ ግቢ ነው፤ ምክንያቱም የአገሩን ሰው ኑሮ ከፕሬዝዳንቱ ቤት ይልቅ ይህ ግቢ አብልጦ ያሳያል ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1842 በጀርመን መሳፍንት የተቋቋመ አንድ ማኅበር ወገኖቹን በቴክሳስ ማስፈር ከጀመረ በኋላ፣ ኒው ብራውንፌልስ በ1845፣ ፍሬድሪክስበርግ ደግሞ በ1846 ተቆረቆሩ። ዮሐን ሳወርና ባለቤቱ ክሪስቲን አራት ልጆቻቸውን ይዘው በስቶንዎል የሰፈሩት ዘግየት ብለው በ1869 ሲሆን፣ በ1885 ግቢያቸው ውስጥ በርካታ የድንጋይ ቤቶች ቆመው ነበር። ልጆቻቸውም ውለው አድረው አሥር ደረሱ። ከእነዚህ አንዷ ኦገስታ ናት፤ በ1908 ሊንደን ጆንሰን ሲወለዱ ያዋለደቻቸው እርሷ ነበረች። የአገር መሪ የሚሆነውን ሕፃን የተቀበለችው የስደተኛ ገበሬ ልጅ መሆኗን ሳስብ ልቤ ይነካል።

በ1900 ቦታው ወደ ቤክማን ቤተሰብ ተዛወረ። በ1915 የጥጥ ምርታቸው ሲሰምር፣ ኤሚልና ኤማ ቤክማን አዲስ ጎተራ ሠሩ፤ በጥንቱ የድንጋይ ቤት ላይ የእንጨት ክፍል ቀጠሉበት፤ ያንንም በጊዜው በተወደደው ጌጠኛ ቆርቆሮ ከተለበጠው አዲስ ቤታቸው ጋር በበረንዳ አገናኙት። ያለፈላቸው ጊዜ እንኳ አሮጌውን ስላላፈረሱ፣ ዛሬ ጎብኚ በረንዳውን ተሻግሮ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው ይገባል።

ቤተሰቡ ቦታውን በ1966 ለቴክሳስ ፓርኮችና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ሸጠ፤ ከ1975 ጀምሮም ለሕዝብ ክፍት ነው። ሠራተኞቹ የቤክማኖችን ዘመን ልብስ ለብሰው ላም ያልባሉ፣ ቅቤ ያወጣሉ፣ አይብ ይሠራሉ፣ ጓሮ ይኮተኩታሉ፣ አሳማ አርደው ሥጋውን በጭስ ያቆያሉ፣ ሳሙናም በእጃቸው ይሠራሉ። ወተት ስትንጡ ያደጋችሁ እናቶች ይህን ሥራ ከማንም አስጎብኚ የበለጠ ታውቁታላችሁ።

ግቢው የሚያሳየን ኑሮ ከ1915 እስከ 1918 ያለውን ነው። አሜሪካ በ1917 ከጀርመን ጋር ጦርነት ስትገጥም፣ ጀርመንኛ ተናጋሪ ቴክሳሳውያን በአገራቸው በጥርጣሬ ዓይን ይታዩ ነበር። ላሟ ግን ጠዋትና ማታ መታለብ ነበረባት፤ ጥጡም መለቀም ነበረበት። የስደተኛ ቤተሰብ ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ የየዕለት ድካም ነው።

ስለዚህ ነገ አውቶቡሱ ሲደርስ ከወጥ ቤቱና ከጋጣው እንድንጀምር እጠይቃለሁ። ልጆቻችን ከሠራተኞቹ ጋር እንዲሠሩ ከተፈቀደላቸው ይሥሩ፤ እናቶችም አጠገባቸው ቆማችሁ እናንተ ቤት እንዴት ይደረግ እንደነበር ንገሯቸው። የፕሬዝዳንቱን ቀዬ ከሰዓት በኋላ እንደርስበታለን።

አመሰግናለሁ።