«አቤት» የሚል ዕቃ

እሺ፣ እየቀዳሁ ነው። ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ እማዬ ቤት፣ ከኋላ ዶሮ ትሰሙ ይሆናል፣ ዝም ማሰኘት አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት የሆነ ነገር አለ፣ ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላለ ነው ማይኩን የከፈትኩት። ስራዬን የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ የአፕ ስክሪን ነው ዲዛይን የማደርገው፣ የቱ በተን የት ይሁን፣ ምን ይጻፍበት፣ ሰው ሲነካው ምን ይበለው፣ እንደዚህ እንደዚህ ነገር።

እኔና እማዬ ሸዋ ሮቢት አክስቴ ጋ ልንሄድ ነበር። ወደ ደሴ የሚያልፍ አውቶብስ ትኬት በስልኬ ቆረጥኩ፣ ከፈልኩ፣ ወዲያው መልእክት መጣ፣ መነሻ «11:00 ጥዋት» ይላል። እኔ ያነበብኩት 11 ሰዓት ነው፣ ሊነጋጋ ሲል፣ የሩቅ መንገድ አውቶብስ ደግሞ በዛ ሰዓት መነሳቱ እኛ ጋ የተለመደ ስለሆነ ምንም አልጠረጠርኩም። 10 ሰዓት ላይ እማዬን ቀሰቀስኳት። ህዳር ነው እንግዲህ፣ ደብረ ብርሃን ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ውርጩ ሳሩን አንጥፎት ያድራል፣ እማዬ ጋቢዋ ላይ ብርድ ልብስ ደርባ ነው የወጣችው። ደረስን፣ ማንም የለም። 12 ሆነ። 1 ሰዓት ሆነ። 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው ስልክ ያነሱልኝ፣ ልጁ በትህትና ነው የነገረኝ፣ «ወንድሜ፣ 11:00 ማለት እኮ 5 ሰዓት ነው» አለኝ። ከ11 እስከ 5፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ እናቴን ብርድ ላይ አስቀመጥኳት ማለት ነው።

እኛ ቀኑን የምንቆጥረው ከንጋት ነው፣ ፈረንጁ ከእኩለ ሌሊት፣ ልዩነቱ ሁሌም ስድስት ሰዓት ነው፣ ይሄን ልጅም ያውቀዋል፣ ስልካችን በአንዱ እየሄደ እኛ በሌላው እየኖርን ሳናስበው ነው የምንገለብጠው። መልእክቱ ላይ ኤኤም ተብሎ ቢጻፍ ኖሮ አይቼው 5 ሰዓት ብዬ አልፍ ነበር። ያሳሳተኝ አማርኛው ነው! ሶፍትዌሩ ኤኤምን «ጥዋት» ብሎ ይተረጉመዋል፣ ቁጥሩ ግን የፈረንጅ እንደሆነ ይቀራል፣ ቃሉ የኛ ሆኖ ሰዓቱ የነሱ፣ ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ማንም ያላለውን ሰዓት ይናገራሉ። በጣም የሚያናድደኝ መፍትሄው ቋንቋችን ውስጥ ተቀምጦ መኖሩ ነው። ሌሊት አለ፣ ንጋት አለ፣ ጠዋት፣ ረፋድ፣ ከሰዓት፣ ማታ። «ረፋድ 5 ሰዓት» ብለህ ብትጽፍ አንድም ሰው ጨለማ ውስጥ አይቆምም።

እዛ ጨለማ ውስጥ ግን ደስ የሚል ነገርም አየሁ። እማዬ እስካሁን የምትይዘው ባለ ባትሪዋን ኖኪያ ነው፣ 1100ን፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣችዋን፣ በዓለም ላይ ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠችዋን። ቁልፎቿ በአንድ ሙሉ ጎማ ስለተሸፈኑ አቧራ አያስገቡም፣ ጎኗም ከእጅ እንዳያዳልጥ ተደርጎ ነው የተሰራው፣ 5 ቁጥር ላይ ደግሞ ትንሽ እብጠት አለች፣ አውራ ጣትህ እሷን ካገኘ ሌላውን ቁጥር ሁሉ ሳታይ ታገኘዋለህ። እማዬ ከጋቢዋ ውስጥ አወጣቻት፣ አላየቻትም እንኳን፣ ሲ የምትለዋን ቁልፍ ጫን ስታደርግ ቦግ አለ። «እስቲ አሳየኝ ምን ይላል» ብላ የኔን ስልክ በሷ ባትሪ አበራችው። የኔ የራሱ መብራት ያለው ስክሪን ነው፣ እሷ ግን ለማንበብ የምታምነው የራሷን ነው። ደግሞ ልክ ናት፣ ያቺ ስልክ ነክተዋት ዝም ብላ አታውቅም።

እኛ ቤት ልጅ ሆነን እማዬ ከጓሮ ስትጣራ «አቤት» ማለት ግዴታ ነበር። መምጣቱ ይቆይ፣ እጅህ ሊጥ ውስጥም ይሁን ውሃ ውስጥ፣ መጀመሪያ አቤት ትላለህ። አቤት ማለት ስራው አለቀ ማለት አይደለም፣ ሰምቻለሁ ማለት ነው። ሰምተህ ዝም ካልክ ደግማ ትጣራለች፣ ከዛ ሶስተኛ፣ ሶስተኛው ላይ ድምጿ ሌላ ነው። ኮምፒውተርም በስንት ጊዜ ውስጥ «አቤት» ማለት እንዳለበት ሮበርት ሚለር የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ጽፎታል፣ ሰው አንድ ነገር ሲነካ በአንድ አስረኛ ሰከንድ ውስጥ መልስ ካገኘ ወዲያው እንደሆነ ይሰማዋል፣ አንድ ሰከንድ ከሆነ መዘግየቱን ያስተውላል ግን ሀሳቡ አይቆረጥም፣ አስር ሰከንድ ካለፈ ልቡ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው፣ ቁጥሩ ዛሬም ይሰራል፣ ምክንያቱም የተለካው ማሽኑ ሳይሆን ሰው ነው።

እና ጣርማ በር። ረፋድ ላይ ተሳፈርን፣ እማዬ መስኮቱ ጋ ተኛች፣ እኔ ለአክስቴ ልጅ 2,000 ብር ልልክለት ስልኬን አወጣሁ፣ ፍየል እንዲገዛ። ላክ የሚለውን ልክ እንደነካሁ ጣልያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ገባን። ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ነው ዋሻው፣ ኔትወርክ ጠፋ፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረ። ይሽከረከራል። ሄደ? አልሄደም? ምንም አይልም። ወጥተን ደብረ ሲና ከታች መታየት ስትጀምር አሁንም ይሽከረከራል፣ ጆሮዬ በቁልቁለቱ ተደፍኗል፣ እኔ ክቡን እያየሁ ነው። ዘጋሁትና እንደገና ላኩ። ትንሽ ቆይቶ ሁለት መልእክት ተከታትሎ መጣ፣ 2,000፣ 2,000። የአክስቴ ልጅ ስለሆነ ያው ተመለሰልኝ፣ ለማላውቀው ነጋዴ ቢሆንስ? የወር አስቤዛዋን የላከች ሴት ብትሆንስ? ክቡ ፈንታ «ኔትወርክ የለም፣ ገንዘቡ ገና አልወጣም፣ ደግመህ አትንካ» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ዝም ብዬ እጠብቅ ነበር። ዝም ያለ ልጅ ሁለቴ ተጠራ፣ ያ ነው የሆነው።

እማዬ እንጀራ ስትጋግር የመጀመሪያውን እንግዳ ፊት አታቀርበውም። ማሟሻ ነው እሱ፣ ምጣዱ መስማት አለመስማቱን የምታይበት፣ ዓይን ካላወጣ እሳቱን ታስተካክላለች፣ ጎመን ዘሩን ደግማ ታሽበታለች፣ ማሟሻዋን ራሷ ትበላዋለች ወይ ለኛ ትሰጠናለች። እና መንገዱን ሙሉ ሳስብ የነበረው ይሄንን ስክሪን ጣርማ በር ላይ ማን አሟሸው የሚለውን ነው። ጥሩ ኔትወርክ ያለበት ቢሮ ውስጥ ተሞክሮ ይሰራል ተብሎ ነው የወጣው፣ እኔም የሰራኋቸውን የሞከርኩት እንደዛው ቢሮ ውስጥ ነው። ከሰኞ ጀምሮ እየሰራሁት ያለውን አፕ ይዤ ኔትወርክ እያጠፋሁ እያበራሁ ነው የምሞክረው፣ አንዳንዱን ስክሪን ለእማዬ ሰጥቼ ምንም ሳልነግራት ጎኗ እቀመጣለሁ፣ ጣቷ የት ጋ እንደሚቆም አያለሁ። ሁለት ቦታ ቆማለች፣ ሁለቱንም ቀይሬያቸዋለሁ።

ሸዋ ሮቢት ሶስት ቀን ቆየን። ለመመለሻ እማዬ በስልክ አይቆረጥም አለች፣ መናኸሪያ ሄደን በመስኮት ቆረጥን። ጎንበስ ብላ ልጁን «የኔ ልጅ፣ ፀሐይ ወጥታ ነው ሳትወጣ?» ብላ ጠየቀችው። «ሳትወጣ ነው እማማ፣ ወፍ ሲንጫጫ ኑ» አላት። ወፍ ሲንጫጫ ሄድን፣ አውቶብሱ ቆሞ ነበር።