«ገባልሽ?»፦ የብሎክቼይን ኢንቴግሬሽን ኢንጂነር ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል?

(ምስል፦ ከአራት ኪሎ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ የሚወርደው መንገድ፣ ጠዋት። ካሜራው አንዲት ትንሽ ካፌ ውስጥ ይገባል።)

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ስለ ሥራዬ ነው የማጫውታችሁ። ግን ከኮምፒውተር አልጀምርም። ከዚች ካፌ ካሸር ልጀምር።

አንድ ልጅ ማኪያቶውን ጠጥቶ ጨርሷል። ቸኩሏል። በስልኩ ከፈለና ስክሪኑን ወደ ካሸሯ አዞረው።

«ይኸው፣ ተልኳል።»

«አየሁት የኔ ወንድም። ግን ለእኔ አልገባም።»

«ከእኔ ተቆርጧል እኮ!»

«ትንሽ ጠብቅ፣ ይገባል።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የልጁ ስልክ ወጥቷል ይላል። የሷ ስልክ አልገባም ይላል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ይቺን ጥበቃ የማያውቅ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። የኔ ሥራ እዚህች ጥበቃ ውስጥ ነው ያለው። ገንዘቡ ወጥቷል፣ ግን ገና አልገባም። በዚህ መሃል ሲስተሙ ምን ይበል?

(ምስል፦ ሁለት ሳጥኖች፤ በመካከላቸው የተቆራረጠ መስመር።)

ኢንቴግሬሽን ማለት ለየብቻ የተሠሩ ሲስተሞችን ማነጋገር ነው። በኔ ሥራ አንደኛው ወገን የአንድ ድርጅት ሲስተም ነው። ሂሳቡ፣ ደንበኞቹ፣ ደረሰኙ እዚያ ነው። ሌላው ወገን ብሎክቼይን ነው። ሁለቱ የሚግባቡበትን ኮድ የምጽፈው እኔ ነኝ።

ብሎክቼይንን በእድር መዝገብ አስቡት። የእድር መዝገብ ጸሐፊው ቤት ነው የሚቀመጠው። እስቲ ከዚያ ይልቅ በእያንዳንዱ አባል ቤት አንድ አንድ ቅጂ አለ እንበል። አዲስ ገጽ ሲጻፍ ሁሉም ይገለብጠዋል። አንድ ሰው የራሱን ቅጂ ቢደልዝ የሌሎቹ ያጋልጠዋል። ጥንካሬው ይሄ ነው።

ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። ሁለት አባላት በአንድ ጊዜ ሁለት የተለያየ አዲስ ገጽ ቢጽፉስ? ለጥቂት ጊዜ ግማሹ ሰፈር አንዱን፣ ግማሹ ሌላውን ይይዛል። በኋላ አንደኛው ይጸናል፣ ሌላው ይጣላል። የናንተ ክፍያ የተጻፈው በተጣለው ገጽ ላይ ቢሆንስ? አሁን ያያችሁት ክፍያ ከደቂቃ በኋላ የለም ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ በሌላ ገጽ ተመልሶ ይገባል። ግን «ብዙውን ጊዜ» ብሎ የሰው ገንዘብ አይያዝም።

ለዚህ ነው የምንጠብቀው። ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በጥር 2009 ሥራ ከጀመረ አንስቶ በአማካይ በየ10 ደቂቃው አንድ ገጽ፣ ማለትም አንድ ብሎክ ይጨምራል። የተለመደው 6 ብሎክ መጠበቅ ነው፤ አንድ ሰዓት ገደማ። ኢቴሪየም የሚባለው ሌላው ብሎክቼይን ፈጣን ነው፣ በየ12 ሰከንዱ ብሎክ ይጨምራል። ያም ሆኖ «ጸንቷል፣ ከእንግዲህ አይነካም» ለማለት በደህና ቀን 13 ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል።

በደህና ቀን ነው ያልኩት። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 በሁለት ተከታታይ ቀናት ይህ የመጽናት ሂደት ተቋርጦ ነበር። በመጀመሪያው ቀን 25 ደቂቃ ያህል፣ በማግስቱ ከአንድ ሰዓት በላይ። ብሎኮች መጨመራቸውን አላቆሙም። ክፍያዎች ይታዩ ነበር። «ጸንቷል» የሚለው ቃል ብቻ ነው የጠፋው። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ኮዳችሁ ምን ያደርጋል? ይጠብቃል? እስከ መቼ? ለደንበኛው ምን ይለዋል? ይህን ከአደጋው በፊት ቁጭ ብሎ ያሰበ ሰው ነው ኢንቴግሬሽን ኢንጂነር የሚባለው።

(ምስል፦ የሌሊት ጠረጴዛ፣ ላፕቶፕ፣ የቀዘቀዘ ሻይ።)

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። በሥራው በመጀመሪያ ዓመቴ ነው። ወደ ደንበኞች ገንዘብ የሚልክ ኮድ ጻፍኩ። ኮዱ «ላክ» ብሎ ትእዛዝ ይሰጣል፣ መልስ ይጠብቃል። መልስ በ30 ሰከንድ ካልመጣ አልተሳካም ብሎ እንደገና ይልካል። በሙከራ ላይ ቆንጆ ሠራ። አንድ ሌሊት ኔትወርኩ ተንቀራፈፈ። ትእዛዙ ደርሶ ነበር። ያልደረሰው መልሱ ነው። ኮዴ ግን አልተሳካም ብሎ ደገመው። ጠዋት ሎጉን ስከፍት ለአንድ ሰው ሁለት ጊዜ ተልኳል። ባንክ ደውሎ «መልሱልን» የሚባልበት መንገድ የለም፤ ብሎክቼይን ላይ የወጣ ወጣ ነው። ሰውየው ደግ ሆኖ ትርፉን መለሰው። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ስህተቱ የት ነበር? «መልስ አልመጣም» የሚለውን «አልተላከም» ብዬ አነበብኩት። ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መፍትሔው ደግሞ ቀላል ነው፣ ብሎክቼይኑ ራሱ ይሰጣችኋል። ኢቴሪየም ላይ ከአንድ አካውንት የሚወጣ እያንዳንዱ ትእዛዝ ተራ ቁጥር አለው። ኖንስ ይባላል። 41 ቁጥርን ሁለቴ ብትልኩት ከሁለቱ አንዱ ብቻ ነው የሚመዘገበው። ስለዚህ ስትደግሙ በዚያው ቁጥር ድገሙ። እኔ ስደግም አዲስ ቁጥር ነበር የምሰጠው። ልዩነቱ አንድ መስመር ኮድ ነው።

አንድ ነገር ከልቤ አምናለሁ። መብራት እየሄደ፣ «ኔትወርክ የለም» እየተባለ ያደገ ዴቨሎፐር ይህን ሥራ ቶሎ ይረዳዋል። ነገር በመሃል እንደሚቋረጥ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

(ምስል፦ 5,000,000 የሚለው ቁጥር ስክሪኑን ይሞላል።)

ይሄ ስንት ብር ነው? በሳንቲም ከሆነ 50,000 ብር ነው፣ ምክንያቱም ብር 100 ሳንቲም ነው። ዩኤስዲሲ የሚባለው የዲጂታል ዶላር በኢቴሪየም ላይ ከሆነ 5 ዶላር ነው፣ ምክንያቱም አንዱ በ1,000,000 ይከፈላል። በቢትኮይን ደግሞ 0.05 ቢትኮይን ነው። ሰንሰለቱ፣ ማለትም ብሎክቼይኑ፣ የሚሰጣችሁ ሙሉውን ቁጥር ነው። ነጥቡን የምታስቀምጡት እናንተ ናችሁ። ከዚህም የሚብስ አለ። ዩኤስዲቲ የሚባለው ሌላ የዲጂታል ዶላር በኢቴሪየም ላይ 6 አሃዝ ከነጥብ በኋላ አለው፣ ቢኤንቢ ቼይን በሚባለው ሌላ ብሎክቼይን ላይ ግን 18። ስሙ አንድ ነው! በስም አትመኑ፣ ሁልጊዜ ከቶክኑ ኮንትራት፣ ማለትም ሰንሰለቱ ላይ ካለው የዚያ ገንዘብ ኮድ ጠይቁ።

የሰዓትም ነገር አለ። ደንበኛው «ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ከፍያለሁ» ይላል። ስልኩ ላይ ማክሰኞ 2፡00 ተብሎ ተመዝግቧል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚሠራ ሰኞ 23፡00 ይላል። ሦስቱም ልክ ናቸው። የቀኑን ሂሳብ ስትዘጉ ግን ያቺ ክፍያ ከአንዱ ሪፖርት ትጠፋና በሌላው ትገኛለች። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ ወር ከ12 አይበልጥም የሚል ሲስተም ጳጉሜን አይቀበልም። እኔ ውስጡን ሁሉ በዓለም አቀፉ ሰዓት እይዝና ለሰው ሲታይ ብቻ ነው የምቀይረው።

(ምስል፦ ብሔራዊ ባንክ አካባቢ፣ ከውጭ።)

ወደ ሕጉ እንምጣ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ እዚህ ካፌ ማኪያቶ በቢትኮይን አይከፈልም። የኔ ኮድ የሚያገለግላቸው ነጋዴዎች ውጭ አገር ናቸው። እኔ ካዛንቺስ ቁጭ ብዬ ኮድ እጽፋለሁ። ቤተሰብ ሳይቀር «ኮይን ትሸጣለህ?» ይለኛል። አልሸጥም። ለመነገድ የሚፈልግ ሰው እኔን ባይጠይቅ ነው የሚሻለው፣ መጀመሪያ ሕጉን ይጠይቅ።

ብሎክቼይን ገንዘብ ብቻም አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖ ከሚባለው ብሎክቼይን ገንቢዎች ጋር የተማሪዎችን ውጤት በብሎክቼይን ለመያዝ ስምምነቱን ይፋ ሲያደርግ የተነገረው 5 ሚሊዮን ተማሪ፣ 3,500 ትምህርት ቤትና 750,000 መምህር ነበር። ይህን ስሰማ የኔ አእምሮ የሄደው ወደ ሰንሰለቱ አልነበረም። አንዱ ትምህርት ቤት «ፀሐይ»፣ ሌላው «ጸሀይ» ብሎ የጻፋት ተማሪ ነች የታየችኝ። መዝገቡ የማይሰረዝ ከሆነ የገባው ስህተትም አይሰረዝም። የኢንቴግሬሽን ሰው የሚደክመው መረጃው ከመግባቱ በፊት ነው።

(ምስል፦ እንደገና ካፌው። የካሸሯ ስልክ ይጮኻል። «ገባ!» ትላለች። ልጁ ሮጦ ይወጣል።)

መጀመር ለምትፈልጉ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ሴፖሊያ የሚባል የኢቴሪየም መለማመጃ ኔትወርክ አለ። እዚያ ያለው ገንዘብ ዋጋ የለውም፣ በነጻ ነው የሚገኘው። የዚችን ካሸር ሥራ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ጻፉ። ክፍያ ሲመጣ «ታየ»፣ ብሎክ ውስጥ ሲገባ «ገባ»፣ ሲጸና «ጸና» ይበል። ሦስት ቃል ብቻ።

ከዚያ ክፍያ እየተላከ እያለ ዋይፋዩን አጥፉት። አምስት ደቂቃ ቆዩና መልሱት። ፕሮግራሙ ካቆመበት ተነስቶ ያመለጡትን ብሎኮች አንድ በአንድ ካነበበና ክፍያውን አንድ ጊዜ ብቻ ከቆጠረ፣ ኮዱን ላኩልኝ። ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።