«አትውረድ!»

እሺ... ሰላም ናችሁ። ስለ መኪናዬ፣ ስለ ዲኤክሷ፣ ሸጥካት ወይ ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ አለች። አልሸጥኳትም፣ አልሸጣትምም። ይሄ ጉዳይ በዚሁ ይዘጋ።

ዛሬ የማወራው ስለ አክስቴ ልጅ ነው። የሚኒሶታው። ያው ወደዚያው ተመልሶ ገብቷል፣ በሰላም። አንድ ነገር ግን አልለቀኝ ብሏል።

ሐዋሳ፣ ከአሞራ ገደል ዓሣ በልተን እየተመለስን ነው። መሽቷል። ወደ አቶቴ ስንቃረብ ትራፊኩ እጁን ዘረጋ፣ ዳር ያዝኩ። እኛ ጋ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሹፌር መንጃ ፈቃዱንና ሊብሬውን ይዞ ይወርዳል፣ ከሩቁ ፈገግ እያለ ይሄዳል። መኪና ውስጥ ተቀምጦ መጠበቅ ንቀት ይመስላል። እኔም ቀበቶዬን ፈታሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣ አንድ እግሬ አስፋልቱን ረገጠ። ያኔ የአክስቴ ልጅ ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ።

«አትውረድ!»

ድምፁ የሱ አይመስልም። ከዚያ ለቀቀኝና ሁለት መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ለጠፈ። ጣቶቹን ዘርግቶ። አውራ ጣቱ ላይ ዳጣ ቀርቷል፣ አልጠረገውም። ቀልዱን መሰለኝ፣ ሳቅኩ። እሱ ፊት ለፊት እያየ ነው። አይኑን አይሰብርም። እኔ ግማሽ ውስጥ፣ ግማሽ ውጭ። ትራፊኩ ከኋላ ይጠብቃል፤ ምን እየሠሩ ነው ብሎ ይሆናል።

ወረድኩ በቃ። «አለቃ፣ እንዴት አመሸህ፣ ወንድሜ፣ መብራቷ ቅድም ትበራ ነበር እኮ፣ የዛሬን እለፈኝ...» ታውቁታላችሁ ይሄን ዜማ። የኋላ መብራት ነው ነገሩ። ትራፊኩ ግን ጋቢናውን እያየ ነው።

«እሱ ምን ሆኖ ነው? አሞታል?»

«ከአሜሪካ ነው» አልኩት። መልስ ነው እሱ? ትራፊኩ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ እጅህን አውርድ፣ ተጫወት» አለው። በደግነት። አላወረደም። ቅጣቱ ተጽፎልኝ፣ ሞተር አስነስቼ፣ ትንሽ እስክንርቅ ድረስ አላወረደም።

ቤት ስንገባ ነገረኝ። እ.ኤ.አ. በ2016፣ እነሱ አካባቢ፣ ፊላንዶ ካስቲል የሚባል የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ፖሊስ ሲያስቆመው የነገረው ምክንያት የኋላ መብራት ነው። ሰውየው ፈቃድ ያለው ሽጉጥ መያዙን ረጋ ብሎ ተናገረ። ፖሊሱ ተኩሶ ገደለው። ፍቅረኛውና ትንሽ ልጇ እዚያው መኪና ውስጥ ነበሩ። ፖሊሱ ተከሶ በ2017 ነጻ ወጣ። እና እዚያ ቁጭ ነው የሚባለው። እጅ መሪ ላይ፣ የውስጡን መብራት ማብራት፣ ወረቀት ለማውጣት እንኳ ቀድሞ መናገር። በር ከፍቶ ወደ ፖሊስ መሄድ... እኔ ያደረግኩት ማለት ነው።

እሺ፣ እሱ ገባኝ። ከዚያ ግን ምን አለኝ? «አንተስ ለምንድን ነው እንደዚያ የምትለማመጠው? አምፖል ነው እኮ።»

አክብሮት ነው አልኩት። ሰላምታ ነው፣ ባህል ነው። ነው እንዴ? አባቴ መንዳት ሲያስተምረኝ ከማርሽ በፊት «ፖሊስ ፊት አንገትህን ሰበር አድርግ» ነው ያለኝ። እሱ እጁን ያሳያል፣ እኔ ጥርሴን። አይ፣ አንድ አይደለም። እኔ ቢበዛ ቅጣት ከፍዬ ነው የምሄደው። አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ግን...

አንዳንዶቻችሁ ምን ይደረግ ትሉኛላችሁ። ምን አውቃለሁ፤ ዳር ያዙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ስልካችሁን አስቀምጡ፣ ጥፋቴ ምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። በጨዋ ደንብ። «የዛሬን እለፈኝ» ሳትሉ ይቻላል? እኔ እስካሁን አልሞከርኩትም።

ሰሞኑን ደውሎልኝ ነበር። ልጁ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው። ምን ልትለው ነው ልለው አፌ ላይ መጥቶ ስለ ብርዱ አወራን። ባጃጆቹስ ግን? እነሱ ግማሽ አካላቸው ቀድሞውንም ውጭ ነው፣ ወረዱ አልወረዱ እንዴት ይባላል... እንጃ፣ እሱ ሌላ ነው።