የተነከሰ ሳንቲም፦ ማተሚያ ቤቱ ወይስ ሞረድ?

(ጠረጴዛ ላይ ዝርዝር ሳንቲም፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ፣ የእጅ ባትሪ)

እንዴት ዋላችሁ፣ ወሎዬዎች! የታክሲ ረዳት መልስ ብሎ የሰጣችሁን አንድ ብር ሳታዩት ኪስ ትከቱታላችሁ አይደል? ዛሬ እሱን ነው የምናገላብጠው። ሲሠራ የተበላሸውን ሰብሳቢ ይፈልገዋል። ከተሠራ በኋላ የተበላሸው ያው አንድ ብር ነው፣ በቃ።

ቦምቦሊኖ። አዎ፣ ቦምቦሊኖ! ሊጡ ይዳመጣል፣ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ እየተደረገ ይቆረጣል። ቆራጯ ቸኮለች እንበል፤ ብርጭቆውን ቀድሞ በተቆረጠው ቀዳዳ ላይ ትንሽ ደርባ ጫነችው። ምን ይወጣል? ጎኑን የተነከሰ ቦምቦሊኖ! ሳንቲምም እንዲሁ ነው። የብረቱ ዝርግ በደንብ ሳይገፋ መቁረጫው ከወረደ፣ ጠፍጣፋው (ገና ምስል ያልታተመበት ክብ ብረት) ጎኑን ተነክሶ ይወጣል። የዝርጉን ዳር ካገኘ ደግሞ ንክሻው ቀጥ ይላል፣ ልክ እንደ ሊጡ ዳር። ልዩነቱ፣ ቦምቦሊኖው ተነክሶም ይበላል።

ሞረድ የበላውስ በምን ይለያል? ንክሻውን ተዉትና ትይዩውን ጠርዝ እዩ። ጠፍጣፋው ከመታተሙ በፊት ዳሩ ተጨምቆ ከፍ ይላል። ንክሻው ጋ የሚገፋ ነገር ስለሌለ ፊት ለፊቱ ያለው ጠርዝም ሳይነሳ ይቀራል። ትይዩው ከሳሳ ጥሩ ምልክት ነው። ፊደሎቹም ወደ ንክሻው ሲጠጉ እየደበዘዙ ይሄዳሉ፤ ሞረድ ግን ፊደሉን መሃል ለመሃል ይቆርጠዋል።

ሌላውን ቶሎ ቶሎ። ምስሉ ወደ ጎን ሸሽቶ ባዶ ቦታ ከቀረ፣ ጠፍጣፋው ሲታተም ቦታው ላይ አልነበረም። ክር የመሰለ መስመር በጣት ሲዳሰስ ከፍ ካለ ማተሚያው (ምስሉ የተቀረጸበት ማኅተም) ተሰንጥቋል፤ ጭረት ከሆነ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ድርብ ፊደል ወፍሮ ጫፉ ከተሰነጠቀ ማተሚያው ራሱ ድርብ ነው። ደረጃ መስሎ ፊደሉን ካቀጠነው ግን ማተሚያው ተንቀጥቅጦ ነው፣ አትልፉ። ባትሪውን ከላይ ሳይሆን ከጎን አብሩት። ሰብስክራይብም አድርጉ፣ እሱ ማጉያ አይፈልግም!

አሁን ያቺ የማግኔት ጥያቄ፣ በየቪዲዮው ሥር የምትመጣዋ። «የእኔን አሥር ሳንቲም ማግኔት ይስበዋል፣ የወንድሜን አይስበውም፤ የእኔ ስህተት ነው?» አብሽሩ፣ አይደለም! ዓመቱን አንብቡ። ፲፱፻፷፱ የሚለው ሙሉ ናስ ነው፣ አይሳብም። ፲፱፻፺፮ የሚለው ውስጡ ብረት ነው፣ ናስ የተለበጠ፤ ስለዚህ ይሳባል። 69 እና 96፣ አታምታቱ። «ኧረ የእኔ ነጭ ነው!» የሚልም አለ። የ96ቱ ሳይለበጥ ታትሞ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ፊደሉ ሹልና ሙሉ ነው። አሲድ የላጠው ግን ፊደሉ እንደተላሰ ከረሜላ ሳስቶ ይታያል። ሚዛን ካላችሁ ከዓመት እኩያው ጋር መዝኑት፤ አሲድ የነካው በደንብ ይቀላል። የ69ኙማ ሙሉ ናስ ነው፣ ምን ልብጥ አለውና ይላጣል?

በሎሚና በአመድ እንዳታሹት፣ ሰብሳቢ የታሸ አይገዛም። ተነክሶ ካገኛችሁ ሁለቱንም ገጽና ትይዩውን ጠርዝ አንስታችሁ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ላኩ። የቦምቦሊኖ ፎቶ አትላኩ፣ ይበቃናል።